በበረዶ ውስጥ የተሰየመ ችሎት

ባለፈው እትማችን ላይ አንድ ወንድማችን፥ የምርመራ ልብ ወለድ የሚያነብ ተማሪ ጊዜውን ከመግደሉም በላይ አእምሮውን ለጌቶች መዝናኛ ያከራየ ነው ሲል ጽፏል። ለምሳሌ ያነሣውም አጋታ ክሪስቲ የጻፈችውን «የኦሪየንት ኤክስፕረስ ግድያ» ነው። በማግሥቱ በሻይ ክበብ የተሰበሰቡት የመጽሐፉ ወዳጆች ደግሞ፥ «ኧረ ተወው፤ ይህ እንቆቅልሽ እንጂ ፖለቲካ አይደለም፤ ሰው ቼዝ ስለ ተጫወተ ንጉሥ ሊገለብጥ ነው ይባላል?» እያሉ ሲሥቁ ሰማሁ። እኔ ግን ሁለቱም ወገኖች መጽሐፉን እኩል በድለውታል ባይ ነኝ። ከሳሹ እስከ መጨረሻው ያነበበው አይመስለኝም፤ ጠበቆቹ ደግሞ አንብበው ምን እንደ ዋጡ አላወቁም።

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። የእንዲህ ያለውን መጽሐፍ መጨረሻ ላላነበበ ሰው መግለጥ ነውር ነው ይባላል። ዳሩ ግን ስለዚህ መጽሐፍ መጨረሻውን ደብቆ መከራከር፥ ፍርዱን ሳይሰሙ ስለ ችሎት እንደ ማውራት ነው። ያላነበበ ሰው ካለ ይህን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ይክተት፤ አንብቦ ሲመለስ እዚሁ ያገኘናል።

መጽሐፉ በለንደን የወጣው በ1934 መባቻ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ደራሲዋ ባቡሩን በወሬ ሰምታ አልጻፈችም። በ1928 ከመጀመሪያ ባልዋ በተፋታችበት ዓመት ብቻዋን ተሳፍራበት እስከ ኢስታምቡል፥ ከዚያም ወደ ባግዳድ ሄዳለች። በዲሴምበር 1931 ደግሞ ሁለተኛ ባልዋ አርኬዎሎጂስቱ ማክስ ማሎዋን በነነዌ ቁፋሮ ላይ ሳለ እርስዋ ወደ አገርዋ ስትመለስ፥ ጎርፍ ሐዲዱን ጠርጎት ባቡሩ መንገድ ላይ ቆሞ ቀረ። አብረዋት የተጉላሉትን መንገደኞች ጠባይ አንድ በአንድ ለባልዋ በደብዳቤ ጻፈችለት። ከዚያ ሦስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፥ በ1929 የብርድ ወራት፥ ይኸው የባቡር መሥመር በቱርክ ውስጥ ቼርኬዝኮይ በተባለች ቦታ አጠገብ በበረዶ ተይዞ መንገደኞቹ ለቀናት ታግደው ነበር። ስለዚህ ባቡሩም፥ በረዶውም፥ ወሬ የማይሰለቻት አሜሪካዊት ወይዘሮም ከዓለም የተወሰዱ ናቸው።

ታሪኩም እንዲህ ነው። ቤልጅጋዊው መርማሪ ኤርኩል ፑዋሮ በኢስታምቡል ይሳፈራል። ያለ ወትሮው በዚያ የብርድ ወራት ወደ ካሌ የሚሄደው የመኝታ ፉርጎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቷል። በሁለተኛው ሌሊት በዚያን ጊዜ ዩጎዝላቪያ በምትባለው አገር፥ በቪንኮቭቺና በብሮድ መካከል ባቡሩ በረዶ ውስጥ ይሰነቀራል። ሲነጋ ራቼት የሚባል አሜሪካዊ ሀብታም በተዘጋ ክፍሉ ውስጥ ዐሥራ ሁለት ቦታ በጩቤ ተወግቶ ይገኛል።

እዚህ ላይ ስለ መንገደኛ ትንሽ ልቆይ፤ የመጽሐፉ መስሕብ ግማሹ ከዚህ ነውና። ሰው በመንደሩ ሳለ የማን ልጅ እንደ ሆነ ይታወቃል። መንገድ ላይ ግን ነኝ ያለውን ነው። ምስክሩ ሻንጣውና ምላሱ ብቻ ናቸው። ፓስፖርት አለ የሚል ቢኖር፥ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አንዲት የቅባት ጠብታ በፓስፖርት ላይ ወድቃ የአንዲትን ቆንቴስ ስም እንዴት እንደ ለወጠች ያንብብ። የሩሲያ ልዕልት አለች፤ የሀንጋሪ ቆንትና ባለቤቱ አሉ፤ ከሕንድ የሚመለስ እንግሊዛዊ ኮሎኔል፥ የስዊድን ሚሲዮናዊት፥ መኪና ሻጭ ጣሊያናዊ፥ ጀርመናዊት ደንገጡር፥ ፊቱን የማያንቀሳቅስ እንግሊዛዊ አሽከር አሉ። ፑዋሮ እያንዳንዳቸውን በምግብ ፉርጎ ውስጥ አስቀምጦ ሲጠይቃቸው አንባቢውም አብሮ ይፈርዳል። የባቡር ኩባንያው ዲሬክተር ሙሴ ቡክ ገና ከጧቱ ጣሊያኑን ነው የያዘው። ምክንያቱ ምንድን ነው ቢሉ፥ ጣሊያን ነዋ! ጩቤ የጣሊያን ነው ባይ ነው። እኛም በሙሴ ቡክ እየሣቅን ልዕልቲቱን ስለ ልዕልትነትዋ፥ ሚሲዮናዊቲቱን ስለ እንባዋ ከዝርዝሩ እናወጣለን። ደራሲዋ የረታችን በእንቆቅልሹ ጥበብ ሳይሆን ሰውን በመልኩና በአገሩ የመመደብ ልማዳችንን መልሳ በእኛው ላይ በማዞርዋ ነው። «የጌቶች መዝናኛ» ያለው ወንድማችን ይህን ቢያይ ኖሮ ብዕሩን ጥቂት ባዘገየ ነበር።

የእንቆቅልሹ ወዳጆችም ብዙ አይደሰቱ፤ በእንቆቅልሽነቱ ብዙ የሚታማ መጽሐፍ ነው። አሜሪካዊው ቫን ዳይን በ1928 ለዚህ ዓይነት ድርሰት ሃያ ሕጎች አውጥቶ ነበር፤ ዐሥራ ሁለተኛው ሕግ፥ የሞተው ቢበዛም ወንጀለኛው አንድ ብቻ መሆን አለበት ይላል። ክሪስቲም ዐሥራ ሁለተኛውን ሕግ በዐሥራ ሁለት ሰዎች አፈረሰችው። (አስባበት ይሁን አይሁን እንጃ፤ እኔን ግን አስቆኛል።) ሬይመንድ ቻንድለር ደግሞ በ1944 ባወጣው ጽሑፍ፥ እንዲህ ያለውን ፍቺ ቀድሞ ሊገምት የሚችል ጅል ብቻ ነው ብሎ አላግጦባታል። ከተጣሉት ምልክቶች አብዛኞቹ፥ የቆመው ሰዓት፥ የቧንቧ መጥረጊያው፥ ቀዩ ኪሞኖ፥ ሆን ተብለው የተዘሩ ማሳሳቻዎች ናቸው። እኔ ከልቤ የወደድሁት መሐረቡን ብቻ ነው፤ በላዩ የተጠለፈውን ፊደል የላቲን «ኤች» ነው ብለን ስም ስንፈልግ፥ ለካ በሩሲያ ፊደል «ነ» ሆኖ ናታሊያ የምትባለው የልዕልቲቱ ነበር። ይህ ለፊደል ተቆርቋሪዎች ያስደስታል። ነገር ግን ሰው ሁሉ መልሱን እያወቀ ይህን መጽሐፍ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ያነባል። መልሱ የታወቀ እንቆቅልሽ ሦስት ጊዜ የሚጠይቅ ማን ነው? ስለዚህ የሚስበን ሌላ ነገር ነው።

የሚስበን ፍርዱ ነው።

ራቼት እውነተኛ ስሙ ካሴቲ ሲሆን፥ በአሜሪካ ዴዚ አርምስትሮንግ የምትባል ሕፃን ሰርቆ፥ ገንዘብ ከተቀበለ በኋላ የገደለ ሰው ነው። እናትዋ በድንጋጤ ሞተው የተወለደ ልጅ ወልዳ ሞተች፤ አባትዋ ራሱን ገደለ። ካሴቲም በገንዘቡና በሕግ ቀዳዳ ነፃ ወጣ። በፉርጎው ውስጥ ያሉት እንግዲህ መንገደኞች አልነበሩም። የዚያ ቤት አያት፥ ወጥ ቤት፥ ሾፌር፥ ነርስ፥ አሽከር፥ የልጆች አስተማሪና ወዳጆች ናቸው። ልክ እንደ ጁሪ ዐሥራ ሁለት ሆነው እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጊዜ ወጉት። ኮሎኔሉ ቀደም ብሎ በምርመራው ላይ ስለ ጁሪ ደግነት ሲናገር ማንም ልብ አላለውም! ልዕልትና ወጥ ቤት እኩል ድምፅ ያላቸው በዚህ ችሎት ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ፑዋሮም ሁለት ፍቺ ያቀርባል፤ አንዱ ከውጭ ገብቶ ገድሎ የሸሸ ሰው አለ የሚል ሐሰት፥ አንዱ እውነቱ። ሙሴ ቡክና ግሪካዊው ሐኪም ሐሰቱን ይመርጣሉ፤ ፑዋሮም ሥራዬን ጨረስሁ ብሎ ይወጣል።

መጽሐፉን ያነበቡ ጓደኞቼን ሁሉ ጠይቄአለሁ። ሁሉም በዚህ መጨረሻ ተደስተዋል። እኔም መጀመሪያ ሳነበው እንደ እነርሱ ተደስቻለሁ። ታዲያ ዐሥራ ሁለት ሰዎች አንዱን በመድኃኒት አስተኝተው በጩቤ ሲወጉት ደስ የሚለን ምን ሆነን ነው? ክፉዎች ስለ ሆንን አይደለም። ደራሲዋ በዓለም ላይ የማይገኝ አንድ ስጦታ ስለ ሰጠችን ነው፤ ፍጹም እርግጠኝነትን። ካሴቲ ጥፋተኛ መሆኑን እንዴት አወቅን? ፑዋሮ ነገረን። ስለ ራሱ አንድ ቃል ሲከራከር አልሰማንም፤ በሕይወት ሳለ የምናየው በጥቂት ገጾች ብቻ ነው፤ በእነዚያም ፑዋሮ ፊቱን አልወደደውም። ከተቃጠለ ወረቀት ላይ የሕፃንዋ ስም ሲነበብ ጉዳዩ ተዘጋ። እኛም ጠበቃ የት አለ ብለን አልጠየቅንም።

አሁን ወደ እውነተኛው ዓለም እንመለስ፤ የዴዚ ታሪክ ምንጩ በግልጽ ይታወቃልና። በማርች 1, 1932 በ1927 ብቻውን አትላንቲክን በአውሮፕላን ያቋረጠው የቻርልስ ሊንድበርግ የሃያ ወር ሕፃን ኒው ጀርሲ ከሚገኘው ቤቱ ተሰረቀ። 50,000 ዶላር ተከፈለ፤ በሜይ 12 የሕፃኑ ሬሳ ከቤቱ ብዙ ሳይርቅ ተገኘ። ክሪስቲ መጽሐፍዋን ስታወጣ ገና አንድም ሰው በዚህ ግድያ አልተከሰሰም ነበር። ብሩኖ ሪቻርድ ሐውፕትማን የሚባል ጀርመን ተወላጅ አናጢ የተያዘው በሴፕቴምበር 1934፥ መጽሐፉ ከወጣ ከስምንት ወር በኋላ ነው። ከቤዛው ገንዘብ ከፊሉ በጋራዡ ተገኝቶበታል፤ በ1935 ጁሪ ፈረደበት፤ በኤፕሪል 3, 1936 በኤሌክትሪክ ወንበር ተገደለ። እስከ መጨረሻው አልገደልሁም እንዳለ ሞተ። ሚስቱም በ1994 እስክትሞት ድረስ የባልዋን ስም ለማንጻት ስትከራከር ኖረች። ማስረጃው ከባድ ነበር የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ እኔም አልነበረም አልልም። የምለው፥ ልብ ወለዱ በ1934 በአንዲት ቁራጭ ወረቀት የጨረሰውን ነገር እውነተኛው ዓለም እስከ ዛሬ እየተከራከረበት ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። በሊንድበርግ ጉዳይ አንዲት እንግሊዛዊት የቤት ሠራተኛ በፖሊስ ደጋግማ ተጠይቃ፥ እንደገና ልትጠየቅ ስትል በጁን 1932 መርዝ ጠጥታ ሞተች። በኋላ ሲጣራ በስርቆቱ የለችበትም። ክሪስቲ ይህችን ልጅ አልረሳቻትም፤ በመጽሐፉ ውስጥ ሱዛን የምትባል ሞግዚት አድርጋታለች። ሱዛንም ያለ ጥፋትዋ ተጠርጥራ ከመስኮት ራስዋን ወርውራ ሞተች። የፉርጎው ኮንዳክተር ፒየር ሚሼል የዚህች ልጅ አባት ነው። እርሱም ከዐሥራ ሁለቱ አንዱ ሆኖ ጩቤውን ጨብጧል!

ወገኖቼ፥ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሱዛንን ማን ገደላት? ካሴቲ ነው ማለት ይቻላል፤ ግን ወደ መስኮቱ የገፋት «አንቺ ታውቂያለሽ» እያለ ያፋጠጣት እርግጠኛ ሰው ነው። ከሚበቀሉላት ሙታን አንዷ በሰዎች ከመጠን ያለፈ እርግጠኝነት የሞተች ናት፤ በቀሉም የሚፈጸመው በዚያው ዓይነት እርግጠኝነት ነው። በሦስተኛው ንባቤ እንጂ ይህን አላየሁም ነበር።

ስለ ራሴ ማውራት አልፈልግም ነበር፤ ግን ይህን ንባብ ያስጀመረኝን ነገር መደበቅ ደግሞ አይገባኝም። ባለፈው ዓመት በምንኖርበት የመኝታ ክፍል የአንድ ጓደኛችን ስልክ ጠፋ። ስምንት ነበርን። ከመካከላችን አንዱ ከገጠር የመጣ፥ ብዙ የማይናገር የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበር፤ በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላም ብቻውን ክፍሉ ውስጥ ነበር። ሌላ ምን ያስፈልጋል? ሌሊት መብራት አብርተን አልጋው ላይ አስቀመጥነው። አልመታነውም፤ በዚህ እንኮራ ነበር። ሣጥኑን በተንነው፤ እናቱ የላከችለትን የበሶ ከረጢት ሳይቀር ዘረገፍነው። ዝም ባለ ጊዜ ዝምታውን፥ በተናገረ ጊዜ መንተባተቡን ማስረጃ አደረግነው። ከአራት ቀን በኋላ ስልኩ የባለቤቱ አክስት ቤት፥ ሶፋ ሥር ተገኘ። ይቅርታ ጠየቅነው፤ እሺ አለ፤ ክፍል ቀየረ። እኔን ሲያገኘኝ እስከ ዛሬ መንገድ ይሻገራል። የሚያሳፍረኝ ከሁሉ ይልቅ በዚያ ሌሊት የተሰማኝ ነገር ነው፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ከስድስት ሰዎች ጋር አንድ ልብ መሆን፥ የማውቀውን ነገር ሌላው ሲክድ እያየሁ በጽድቅ መቆጣት፥ ያ ሁሉ ልክ የመጽሐፉን መጨረሻ ሳነብ የተሰማኝ ሙቀት ነበር።

የዚህን ጽሑፍ ረቂቅ ያነበቡ አንድ መምህራችን፥ «መልካም፤ ግን ፍርድ ቤቱ በገንዘብ ሲገዛስ? ለአርምስትሮንግ ቤተ ሰዎች ምን ትመክራቸዋለህ፥ አልቅሰው እንዲቀመጡ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ከሻይ ክበቡ ሣቅ ሁሉ ይበልጣል፤ የመጽሐፉም ኃይል እዚህ ላይ ነው። ፍርድ ሲሸጥ ዝም ማለት ጨዋነት ነው አልልም። ነገር ግን ዐሥራ ሁለቱ ያደረጉትን እንመልከት። ገንዘብ የበላውን ዳኛ በአደባባይ አላጋለጡም። የሕዝብ አቤቱታ አልጻፉም። ሰዓት አቆሙ፥ ድምፅ አስመሰሉ፥ የሐሰት ምስክርነት ተካፈሉ። ፍርድ ነው ካሉ ለምን ተደበቀ? መጨረሻ ላይ አያትዋ ሁሉንም በእኔ ላይ አድርጉት ብላ ስትነሣ ብቻ ነው አንድ ሰው ለሠራው ሥራ ስሙን የሰጠው፤ ያንንም ማንም አልተቀበላትም።

ደራሲዋ ራስዋም በዚህ ነገር እንቅልፍ የወሰዳት አይመስለኝም። ከአምስት ዓመት በኋላ፥ በ1939፥ ዐሥር ሰዎች በአንዲት ደሴት ላይ ተሰብስበው ሕግ ላልደረሰበት ጥፋታቸው አንድ በአንድ የሚገደሉበትን ሌላ መጽሐፍ አወጣች፤ እዚያ ራሱን ዳኛ አድርጎ የሾመው ሰው በግድያው የሚደሰት አውሬ ነው። ዓለም ጦርነት ላይ ሳለ ጽፋ እስከ 1975 ባቆየችው በፑዋሮ የመጨረሻ ታሪክ ደግሞ፥ ሽማግሌው መርማሪ ሕግ የማይይዘውን ሰው በገዛ እጁ ይገድልና ልክ ሠርቼ እንደ ሆነ አላውቅም ብሎ ጽፎ ይሞታል። ሲኒማውም ሁለት ልብ ነው። በ1974 ሲድኒ ሉሜት የሠራው ፊልም የሚያልቀው ገዳዮቹ ብርጭቆ እያጋጩ ነው፤ በ2010 ዴቪድ ሱሼ በተጫወተበት የቴሌቪዥን ሥራ ግን ፑዋሮ ስለ ሕግ ሲጮኽባቸው አምሽቶ፥ መቍጠሪያውን ጨብጦ በበረዶው መካከል ይሄዳል። እኔ የሁለተኛው ወገን ነኝ። ዳሩ ግን የመጀመሪያው የበለጠ ደስ እንደሚል አልክድም።

እንግዲህ ከሳሽ ወንድማችን መጽሐፉን አታንብቡ ማለቱን ይተው፤ ቢቻለው እንደገና ያንብበው። የሻይ ክበብ ወንድሞቻችንም እንቆቅልሽ ብቻ ነው ማለታቸውን ትተው አንድ ነገር ይመልሱልኝ። ለዩጎዝላቪያ ፖሊስ የሚሰጠው የመጀመሪያው ፍቺ ነው። በዚያ ፍቺ ገዳዩ አጭር፥ ጠቆር ያለ፥ ድምፁ እንደ ሴት የቀጠነ፥ የባቡር ኩባንያ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ነው። ፖሊስ ይህን ምልክት በጁ ይዞ በቪንኮቭቺና በብሮድ ጣቢያዎች ሊዞር ነው። ከሐዲድ ጠራጊዎቹ፥ ከፋኖስ አብሪዎቹ፥ ከሻንጣ ተሸካሚዎቹ መካከል አጭርና ጠቆር ያለ፥ ድምፁ የቀጠነ ሰው አይገኝም ትላላችሁ? መጽሐፉ እዚያ ላይ ያልቃል፤ ባቡሩም በረዶው ተጠርጎለት መንገዱን ይቀጥላል።